ወሬ አቀባዩን የሚያሳፍር ሳቅ

ስለ ሐሰተኛ መረጃ የሚሰጥ ሥልጠና ምን እንደሚመስል ለሀዋሳ ሰው ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው። ከተማችን የስብሰባ ከተማ ናት፤ መሥሪያ ቤቱም ድርጅቱም ሐይቁን እያየ መምከር ይወዳል። ባነር ይሰቀላል፣ ስላይድ ይበራል፣ የማኅበራዊ ሚዲያ ጥቅምና ጉዳት በነጥብ በነጥብ ይዘረዘራል፣ ለሻይ ይወጣል፣ ከሰዓት በኋላ የአበል መፈረሚያው ይዞራል። ሠልጣኙ በተነገረው ነገር ሁሉ ይስማማል፤ ሐሰተኛ ወሬ አገር እንደሚያፈርስ ከሥልጠናው በፊትም ያውቅ ነበር። ማታ ቤቱ ገብቶ በቤተሰቡ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ «ሰበር!» የሚል ነገር ሲያይ ግን ምንጩን ሳይጠይቅ ለሌሎች ሦስት ግሩፖች ያቀብለዋል። ይህን የሚያደርገው ካለማወቅ አይመስለኝም። ያልተጣራ ወሬ ማቀበል በመካከላችን ገና ነውር ስላልሆነ ነው። ለቅሶ ቤት ሰክሮ የገባ ሰው በማግስቱ ሰፈር ውስጥ መታየት ያፍራል፤ በሬ ወለደ ብሎ ለመቶ ሰው የላከ ግን ቡና ሲጠራ ቀና ብሎ ይሄዳል፣ እንዲያውም «ምን አዲስ ነገር አለ?» ተብሎ የሚጠየቀው እሱ ነው። እኔ የምለው እንዲህ ነው፦ ነውርን አዋጅ ብቻውን አይሠራውም፣ ስላይድም አይሠራውም፤ ሰው በሰው ፊት የሚስቀው ሳቅ ግን ይሠራዋል። በሐሰተኛ መረጃ ላይ የሚሳለቅ ቲያትርም ትልቁን ሥራ የሚሠራው ከመድረኩ ይልቅ በተመልካቹ ወንበር በኩል ነው።

ይህ ዓይነቱ ቲያትር በዓለም ላይ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ወራት ኒው ዮርክ ውስጥ፣ ከብሮድዌይ ታላላቅ አዳራሾች ውጭ በሚገኘው በቪንያርድ ቲያትር፣ የሣራ ጋንቸር «የሩሲያ ትሮል ፋርም» የተሰኘ ኮሜዲ ታይቶ ነበር። ታሪኩ በሴንት ፒተርስበርግ ስለነበረው ኢንተርኔት ሪሰርች ኤጀንሲ ስለሚባል ቢሮ ነው፤ ሠራተኞቹ የ2016ቱን የአሜሪካ ምርጫ ለማመስ አሜሪካዊ መስለው ሲጽፉ ይውላሉ። ደራሲዋ ውሸታሞቹን ጭራቅ አላደረገቻቸውም። አለቃ የሚፈሩ፣ እርስ በርስ የሚቀናኑ፣ የቀኑን ኮታ ለመሙላት የሚራኮቱ ተራ የቢሮ ሰዎች ናቸው። ብልሃቱ ግሩም ነው፤ ውሸት የሚመረተው በደመወዝና በሰዓት ፊርማ መሆኑን ማየት ያስቃልም፣ ያስደነግጣልም። ነገር ግን ኒው ዮርክ ላይ ወንበር የያዘው ተመልካች ሲስቅ የሚስቀው በሩቅ አገር ባለ ደመወዝተኛ ነው። ያንን ጽሑፍ አምኖ ለጎረቤቱ ያቀበለው አሜሪካዊ የታሪኩ ማዕከል አይደለም፤ ስለዚህ ተመልካቹ ንጹሕ ሆኖ ገብቶ ንጹሕ ሆኖ መውጣት ይችላል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። እኛ አገር ለሚሠራ ቲያትር እንዲህ ያለው የሩቅ ሳቅ አይበቃውም፤ የእኛ ችግር ከፈጣሪው ይልቅ በአቀባዩ ላይ የከበደ ነውና።

ማስረጃው ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች ጥናት፣ ከ2006 እስከ 2017 ትዊተር ላይ የተሰራጩ ወደ 126 ሺህ የሚጠጉ ወሬዎችን ተከታትሎ ነበር። ሐሰተኛው ወሬ እንደገና የመሰራጨት ዕድሉ ከእውነተኛው በ70 በመቶ በልጦ ተገኘ፤ እውነቱ 1,500 ሰው ጋ ለመድረስ ከሐሰቱ ስድስት እጥፍ ያህል ጊዜ ወስዶበታል። ከዚህ ሁሉ የሚያስገርመው ግን ሌላ ነው። ተመራማሪዎቹ በሰው ስም የሚጽፉትን ማሽኖች ከስሌቱ ቢያወጧቸውም ልዩነቱ አልጠፋም። ሐሰቱን ያስሮጠው ሰው ነው፤ ያስሮጠውም አዲስ ነገር ስለሚመስለው፣ የሰማ መባልን ስለሚወድ። ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በጥቅምት 2011 በአማራ ክልል አዲስ ዓለም በምትባል ከተማ ለጥናት የሄዱ ሁለት የጤና ተመራማሪዎች «ልጆቻችንን ሊጎዱ ክትባት ይዘው መጡ» በሚል ወሬ በተቆጣ ሕዝብ ተገድለዋል። ያንን ወሬ ከጆሮ ወደ ጆሮ ያቀበለው ሰው ክፉ ለማድረግ አላሰበም፤ ልጆቹን ያተረፈ መስሎት ነበር። ክፋት ብቻ ቢሆንማ ሕጉ ይበቃን ነበር። ሀዋሳም በሰኔ 2010 በፊቼ ጨምበላላ ሰሞንና በሐምሌ 2011 በሲዳማ የክልልነት ጥያቄ ሰሞን ያየችውን ሁከት አይታለች፤ በእነዚያ ቀናት ስልክ ሁሉ ወሬ ሲተፋ እንደነበር ለማስታወስ የታሪክ መጽሐፍ መግለጥ አያስፈልግም።

ሕግ አለን። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ሐሰተኛ መረጃ ያሰራጨን ሰው እስከ አንድ ዓመት እስራት ወይም እስከ 50 ሺህ ብር መቀጮ ይጥልበታል፤ ድርጊቱ ከ5 ሺህ በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ከተፈጸመ ቅጣቱ እስከ ሦስት ዓመት ወይም እስከ 100 ሺህ ብር ይደርሳል። ሕጉ ላይ ያለኝ ቅሬታ የሌላ ቀን ነው። ለዛሬው ነገር የሚጠቅመው ሕጉ የማይደርስበት ቦታ የት እንደሆነ ማየት ነው፤ ሕጉ የሚፈልገው ሐሰትነቱን ያወቀውን ወይም ማወቅ የነበረበትን ነው። እድር ግሩፕ ውስጥ «እኔ እንኳ አላውቅም፣ እንደደረሰኝ ነው» ብላ የምታቀብለዋን እናት ማን ፖሊስ ይዟት ይሄዳል? ይያዛት የሚል ሰው ካለ እንኳን በየሰፈሩ ስንት እስር ቤት እንደሚሠራ ያስላ። የማኅበራዊ ሚዲያ ኩባንያዎችን መክሰስም አንድ መንገድ ነው፤ በጥቅምት 2014 ባሕር ዳር ውስጥ የተገደሉት የኬሚስትሪ ምሁሩ ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ ልጅ፣ አባቱ ከመገደላቸው በፊት ፌስቡክ ላይ ስማቸውን እየጠሩ የሚያነሳሱ ጽሑፎች ተለጥፈው ነበር ብሎ በታኅሣሥ 2015 ናይሮቢ ላይ ሜታን ከሰሰ፤ የኬንያ ፍርድ ቤት ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ያለው በመጋቢት 2017 ነው። ፍርድ ለመጀመር ብቻ ከሁለት ዓመት በላይ። ወሬ ግን እዚህ ሀዋሳ ከአቶቴ ተነሥቶ ሞኖፖል ለመድረስ የባጃጅ ያህል ጊዜም አይፈጅበትም።

ሳቅ ይህን ክፍተት ይሞላል የምለው ከምኞት ተነሥቼ አይደለም። በ1994 (እ.ኤ.አ.) ሬዲዮ ለጭፍጨፋ ማቀጣጠያ በሆነባት ሩዋንዳ፣ ከአሥር ዓመት በኋላ «ሙሴኬዌያ» የሚባል ተከታታይ የሬዲዮ ድራማ ተጀመረ። በሁለት ጎረቤት መንደሮች መካከል ስላለ ጠብና ስለሚያፋፍመው ቅስቀሳ የሚተርክ ነበር። ኤሊዛቤት ሌቪ ፓለክ የተባለች ተመራማሪ አንድ ዓመት ሙሉ ውጤቱን ተከታትላ እ.ኤ.አ. በ2009 አሳተመችው። ድራማውን ያዳመጡት ሰዎች በየልባቸው ያለው እምነት እምብዛም አልተለወጠም። የተለወጠው «በእኛ ሰፈር ምን ይደረጋል፣ ምን ይነወራል» ስለሚለው ነገር ያላቸው ግምት ነበር፤ ከዚያም ጋር ጠባያቸው ተለወጠ፤ በግልጽ መቃወም፣ መወያየት ጀመሩ። ያዳመጡት ደግሞ በቡድን ተሰብስበው ነበር፤ አንዱ ሲስቅ ሌላው ይሰማል፣ አንዱ ሲያዝን ሌላው ያያል። የእኔ ክርክር የተተከለው እዚህ ላይ ነው። ሰው ብቻውን አልጋው ላይ ተጋድሞ ቲክቶክ ላይ ባየው ቀልድ ቢስቅ ማንም አያውቅለትም፤ ነገም ያንኑ ያደርጋል። አራት መቶ ሰው ባለበት አዳራሽ ግን «እንደደረሰኝ ነው» የምትለዋ ገጸ ባሕርይ ስትገባ ሁሉም በአንዴ ሲስቅ፣ እያንዳንዱ ሰው አራት መቶ ምስክር ያገኛል። ከዚያ በኋላ ይህችን ቃል ግሩፕ ላይ መጻፍ ይከብዳል። አጠገባችሁ የተቀመጠው ሰው በዚያች ቅጽበት ሳቁን ዋጥ አድርጎ ወንበሩ ላይ ተመቻችቶ ለመቀመጥ ሲሞክር ካያችሁ፣ ቲያትሩ ሠርቷል ማለት ነው።

የኢትዮጵያ ተመልካች ለእንዲህ ያለው ነገር ደንዳና ነው የሚል ካለ «የቀን ቅኝት»ን ያስታውስ። ከ1994 እስከ 1997 በኢትዮጵያ ሬዲዮ በ257 ክፍሎች የተላለፈው ይህ ድራማ ከ15 ሺህ በላይ የአድማጭ ደብዳቤ እንደደረሰው አዘጋጁ ፖፑሌሽን ሚዲያ ሴንተር ይናገራል። ድራማውን ያዳመጡ ወንዶች ካላዳመጡት በአራት እጥፍ፣ ሴቶች በሦስት እጥፍ የኤችአይቪ ምርመራ እንዳደረጉም ጥናቱ አሳይቷል። ጥናቱ የአዘጋጁ ነውና በጥርጣሬ ማየት ይገባል፤ አዳማጭ የሆነው ሰው ከመጀመሪያውም ለመመርመር የቀረበ ሊሆን ይችላል። ደብዳቤዎቹ ግን ለብቻቸው የሚናገሩት ነገር አላቸው፦ ሰዉ ስለ ድራማው ገጸ ባሕርይ ስለ ፍቅርተ ዕጣ ብዕር አንሥቶ፣ ቴምብር ገዝቶ፣ ፖስታ ቤት ሄዷል። ይህ ሕዝብ ገጸ ባሕርይን ከጎረቤቱ እኩል ቆጥሮ የሚፈርድ፣ የሚያዝን፣ የሚሟገት ነው። ቁምነገሩን ያጡት ድራማ ጸሐፊዎቹ ሳይሆኑ ገንዘቡን ለባነር የሚያወጡት ናቸው።

አሁን ወደ ከባዱ ተቃውሞ እንምጣ፤ እኔ ራሴ ካሉት ሁሉ ከዚህኛው ጋር ነው የምታገለው። ሰው የሚስቀው በሌላው ወገን ነው ይሉናል፤ እውነት አላቸው። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ የላማርና የባልደረቦቿ ጥናት፣ ወግ አጥባቂ መስሎ በወግ አጥባቂዎች ላይ ያሾፍ የነበረውን ስቲቨን ኮልቤርን ለ332 ተማሪዎች አሳይቶ ነበር። ሁለቱም ወገን እኩል አስቂኝ ነው አሉት። ልዩነቱ ወግ አጥባቂዎቹ «ቀልድ እያስመሰለ የልቡን ነው የሚናገረው» ብለው ማሰባቸው ነው። አንድ ቀልድ፣ ሁለት ሳቅ፣ ሁለት ተቃራኒ ትርጉም። ይህን ወደ ሀዋሳ ስናመጣው ነገሩ ከቀልድ ያልፋል። ይህች ከተማ ሲዳማውም፣ ወላይታውም፣ አማራውም፣ ጉራጌውም፣ ኦሮሞውም፣ ሌላውም በአንድ ገበያ የሚገበያይባት ናት፤ የአገራችን ኮሜዲ ደግሞ ከጥንት ጀምሮ ሰነፍ የሆነበት አንድ መንገድ አለ፣ እሱም በአነጋገር ዘዬ ማሳቅ። ውሸታሙ መድረክ ላይ ወጥቶ በአንዱ ብሔረሰብ ዘዬ አማርኛ ሲኮላተፍ አዳራሹ በሳቅ ይፈርሳል፤ የዚያ ወገን የሆነው ተመልካች ግን አንገቱን ደፍቶ ይወጣል፣ ማታ ደግሞ ስለ ቲያትሩ አንድ ወሬ ይጽፋል። ሐሰተኛ መረጃን ልንዋጋ ወጥተን የጥላቻ ንግግር ይዘን ገባን ማለት ነው። እንዲህ ያለ ቲያትር ከሚሠራ ባይሠራ ይሻላል።

ስለዚህ መልሱ የሚገኘው ገጸ ባሕርይው ማን ነው በሚለው ላይ ነው። አቀባዩ ተመልካቹ የሚወደው ሰው መሆን አለበት። ለምሳሌ መድረኩ ላይ ቡና ይፈላ። ጎረቤቶች ተሰብስበዋል፣ ሣር ተጎዝጉዟል፣ ፈንዲሻው ቀርቧል። ለሰፈሩ ሁሉ ደግ የሆነችው፣ የታመመ የምትጠይቀው፣ ለእድሩ ወጥ የምትሠራው እትዬ አንዲት ፎቶ ስልኳ ላይ ደርሷታል። አቦሉ ላይ «እንዲህ ሆነ አሉ» ትላለች። ቶናው ላይ ዝርዝሩ ይጨመርበታል፤ «አሉ» የምትለዋ ቃል ትጠፋለች፣ ስንት ሰው እንደሆነና በየትኛው መንገድ እንደሆነ ይታወቃል። በረካው ሲቀዳ እትዬ በቦታው የነበረች የአክስቷ ልጅ ትኖራታለች። በዚህ መካከል የፎቶው ጥግ ላይ የሌላ አገር ታርጋ ያለው መኪና መኖሩን ያየው የአሥር ዓመቱ ልጅ ነው፤ «ልጅ በአዋቂ ወሬ አይገባም» ተብሎ ይባረራል። ይህን ትዕይንት ሲያይ የማይስቅ የሀዋሳ ሰው የለም፣ ሲስቅም በሌላ ብሔር ሊስቅ አይችልም፤ ቡና ያላፈላ ብሔር የለማ። እትዬን ሁላችንም ቤታችን አለችን። ብዙዎቻችን ራሳችን ነን።

እዚህ ላይ ምሁራን የሚያቀርቡት አንድ ደጋፊ ማስረጃ አለ። ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች «ባድ ኒውስ» የተባለ የኢንተርኔት ጨዋታ ሠርተው፣ ተጫዋቹ ራሱ የሐሰተኛ ዜና ፈጣሪ ሆኖ ዘዴዎቹን እንዲጠቀምባቸው አደረጉ። እ.ኤ.አ. በ2019 በታተመው፣ ወደ 15 ሺህ ሰው በተሳተፈበት ጥናታቸው መሠረት፣ የተጫወተው ሰው ከዚያ በኋላ ሐሰተኛ ጽሑፍን የማመን ዝንባሌው ቀንሶ ተገኝቷል። ዘዴውን ከጓዳ ያየ ሰው በሳሎን አይታለልም። ኋላ የመጡት ጥናቶች ግን ያ ጥንካሬ ካልታደሰ ከወራት በኋላ እየደበዘዘ እንደሚሄድ አሳይተዋል። ይህ ለሥልጠናው ሰዎች መጥፎ ዜና ነው፤ ለቲያትር ግን አይደለም። ሰው ያንኑ ሥልጠና ሁለተኛ ልሠልጥን ብሎ ገንዘብ አይከፍልም። በረከት በላይነህ የደረሰውን፣ ግሩም ዘነበ ብቻውን የሚጫወተውን የእያዩ ፈንገስ «ፌስታሌን» ግን ደግሞ ደጋግሞ ያየ ሰው ሞልቷል፤ ቃሉንም ሻይ ቤት ውስጥ እንደ ተረት ይደጋግመዋል። መደጋገም የቲያትር ተፈጥሮው ነው።

መንግሥት ይወስደዋል የሚለውም ፍርሃት ቀላል አይደለም። በደርግ ጊዜ የቀበሌው ኪነት መድረክ ላይ ወጥቶ አድኃሪያንን ሲያወግዝ አዳራሹ ያጨበጭብ ነበር፤ ጭብጨባው ግን የግዴታ ስለነበረ ስለ ተመልካቹ ምንም የሚነግረን ነገር የለም። «ሐሰተኛ መረጃ» የሚለው ስም ዛሬ ባለሥልጣን ያልወደደው እውነት ላይም ሲለጠፍ እናያለን። በሐሰት ላይ የሚሳለቅ ቲያትር በተቃዋሚና በዩቲዩበር ብቻ ከሳቀ፣ ጠዋት «ፍጹም ሐሰት ነው» ብሎ ማታ «ማስተካከያ» በሚያወጣው የሕዝብ ግንኙነት ካልሳቀ፣ ተመልካቹ በሦስተኛው ደቂቃ ይነቃበታል። ወሬ የሚረባው ደግሞ እውነተኛው ነገር በጊዜው ካልተነገረ ነው። በሰኔ 2012 አርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ ሲገደል በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ተዘግቶ ከሦስት ሳምንት በላይ ቆየ፤ ወሬው ግን አልተዘጋም፣ በስልክ ጥሪና በሰው እግር ሄደ፣ ማረጋገጫ የሚፈልግ ሰው የሚያረጋግጥበት ብቻ ጠፋ። ለዚህ ሁሉ መልሱ ቲያትሩን መተው ሳይሆን ጥርሱን አለመንቀል ነው። በአገራችን የመጀመሪያው ዘመናዊ ቲያትር የሚባለው የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፣ የአውሬዎች ኮሜዲያ» እንስሳት የሚናገሩበት ሽሙጥ ነበር፤ መኳንንቱ ራሳቸውን አይተውበት ተቆጡ፣ በንግሥት ዘውዲቱ ትእዛዝም ታገደ። ከመቶ ዓመት በኋላ እንዲያ የሚያስቆጣ ቲያትር ስንት አለን? እገዳውን ለማወደስ አይደለም። የታገደው ግን ስለሠራ ነው፤ እውነተኛ የተመልካች ምላሽ ከሁሉ በፊት የተሰማው ከፊት ረድፍ ነበር።

ቲያትሩ ራሱ ሐሰተኛ መረጃ ይሆናል የሚሉም አሉ፤ ሠላሳ ሰከንድ ተቆርጦ ቲክቶክ ላይ ሲወጣ እትዬ የተናገረችው ውሸት እንደ ዜና ይዞራል ይላሉ። ይዞራል። ኦኒየን የተባለው የአሜሪካ የሽሙጥ ጋዜጣ የሰሜን ኮሪያውን ኪም ጆንግ ኡንን በሕይወት ካሉ ወንዶች ሁሉ ማራኪው ብሎ ሲቀልድ፣ የቻይናው ፒፕልስ ዴይሊ በኢንተርኔት ገጹ ላይ ቀልዱን እንደ ዜና ከ55 ፎቶ ጋር አትሞታል፤ ነገሩ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። ሙሉ የዝግጅት ክፍል ያለው ጋዜጣ ከተሸወደ የእኛ ግሩፕ አይሸወድም አይባልም። ግን ይህ አዳራሹን የሚደግፍ እንጂ የሚቃወም ነገር አይደለም። ቀልዱ ቀልድነቱን የሚያጣው ከተመልካቹ ሳቅ ተነጥሎ ሲወጣ ነው። ስለዚህ ስልክ በር ላይ ይቀመጥ፤ ሰርግ ቤት ዱላ በር ላይ እንደሚቀመጠው።

የመጨረሻው ተቃውሞ ከሁሉ ረቂቁ ነው። ሐፍረት አፍ ያዘጋል፤ ማቀበልን ነውር ካደረግነው እውነተኛ አደጋ ያየ ሰውም ዝም አይልም ወይ? ለዚህ መልሱን ፍለጋ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም። ሲዳማ ዘንድ የሶንጎ ሽማግሌዎች ሲቀመጡ በአፊኒ ነው የሚመክሩት፤ ነገሩን ያመጣው ሰው ያመጣውን ሰምታችኋል ወይ እያለ በሸንጎው ፊት ይዘረግፈዋል፣ የሚመለከተው ሁሉ ይሰማል፣ ይጠየቃል፣ ፍርድ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከሁሉ በላይ የቆመው ሀላሌ፣ እውነቱ ነው። እዚያ ነገር ይዞ መምጣት አያሳፍርም። የሚያሳፍረው ሳይሰሙና ሳያሰሙ መፍረድ ነው። ጥሩ ቲያትርም ይህንኑ ልዩነት ማሳየት አለበት፤ የአሥር ዓመቱ ልጅ የመኪናውን ታርጋ ሲያሳይ አዳራሹ ዝም ብሎ ካዳመጠው፣ እትዬ «ከየት ሰማሽ?» ስትባል ከሳቀ፣ ተመልካቹ የትኛው ንግግር እንደሚያስከብርና የትኛው እንደሚያዋርድ ያለ አስተማሪ ለይቷል። አፊኒን በየዓመቱ በፌስቲቫል እንደ ቅርስ ማስጎብኘት ጥሩ ነው፤ መድረክ ላይ ሥራ ቢሰጠው ግን የበለጠ ይጠቅመናል።

እንግዲህ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። የከተማው አስተዳደርና የክልሉ ባህል ቢሮ በዚህ ዓመት ስለ ሐሰተኛ መረጃ ሊያዘጋጁ ካሰቧቸው ሥልጠናዎች አንዱን ይሰርዙና ገንዘቡን ለአንድ የቲያትር ቡድን ይስጡ። ቡድኑ በሲዳምኛና በአማርኛ ይሥራው፤ በሲዳማ ባህል አዳራሽ ያሳየው፣ ከዚያ ለኢንዱስትሪ ፓርኩ ወጣት ሠራተኞችና ለዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ይውሰደው። ድርሰቱን ቀድሞ የሚገመግም ኮሚቴ አይቋቋም፤ የቃላት ሕጋዊነት የሚያሳስበው ካለ አዋጅ 1185 ራሱ የጥበብ ሥራን ከጥላቻ ንግግር ክልከላ ማውጣቱን ያንብብ። ቲያትሩ ሲያልቅ መብራቱ ይብራና ግማሽ ሰዓት ያህል ተመልካቹ ይናገር፣ ተዋንያኑ ያዳምጡ። የመጀመሪያውን ረድፍ ወንበር ለባለሥልጣን ማስያዝ ግን ይቅር፤ ባለሥልጣኑም ቲኬቱን ገዝቶ ከእትዬ አጠገብ ይቀመጥ።